ምዕራፍ ሰባት፦ አዲስ ታካሚ፣ አዲስ ቅኔ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከቸርችል ጎዳና ፈቀቅ ብሎ የቆመው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሪፈር የተጻፈላቸው ሕሙማን መድረሻ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ማስተማሪያም በመሆኑ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ከኮሪደሮቹ አይጠፋም። ታካሚዎች ጋውን ያጠለቀውን ሁሉ «ዶክተር» ብለው ይጠራሉ። ከነዚህ ወጣቶች መካከል ግን ቀዶ ሕክምና የማይሠሩ፣ መርፌ የማይወጉ፣ ሥራቸውን በእጃቸው፣ በዓይናቸውና በጥያቄያቸው የሚሠሩ አሉ፤ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች።

ባለፉት ምዕራፎች የተሰበረ አጥንት እንዴት እንደሚገጥም፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ እንዴት እንደሚሟሽሽ፣ በስትሮክ የተጎዳ አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ በሌላ መንገድ እንዴት መልሶ እንደሚማር ታይቷል። በነዚያ ገጾች ሁሉ ከታካሚው አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ነበር። ክንድ ይዞ የሚያስተኛ፣ «አሁን ይነሱ» የሚል፣ ዲግሪ ለክቶ ካርድ ላይ የሚጽፍ ሰው። ይህ ምዕራፍ ፊቱን ወደዚያ ሰው ያዞራል። ስለ ጡንቻና ነርቭ አንብቦ ፈተና ያለፈ ወጣት፣ ወገባቸውን ያመማቸው እናት ጀርባ ላይ እጁን እንዲያሳርፍ የሚታመነው መቼ ነው? እዚያስ እንዴት ይደርሳል?

ከዘነበወርቅ እስከ ጎንደር

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ውጭ አገር ተምረው የመጡ ጥቂቶችና ሥራ ላይ የሠለጠኑ ረዳቶች የያዙት ነበር። ከቀደምቶቹ ስፍራዎች አንዱ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የዘነበወርቁ የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ አለርት ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል፤ ጣት ይታጠፋል፣ የእግር መዳፍ ወደ ላይ መነሳት ያቅተዋል፣ ቆዳ መንካትና መቃጠልን መለየት ያቆማል። የቀዶ ሐኪሙ ለዚህ ብልሃት አለው። ጤነኛ ጡንቻ የሚስበውን ጅማት ከቦታው አንስቶ፣ ሽባ የሆነውን ጡንቻ ሥራ እንዲሠራ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ጅማቱ ስለተዛወረ ብቻ ግን እግር አይነሳም። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያንን ጡንቻ ለብቻው ማንቀሳቀስ መልመድ አለበት፤ ጄሶው ከተፈታ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልኩን እግሩን ወደ ውስጥ ሲያዞርበት የኖረውን ጡንቻ ወደ ላይ ማንሻ አድርጎ መጠቀምን እንደ አዲስ ይማራል። ይህን የሚያስተምረው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ሐኪሙ በአንድ ጠዋት የሠራውን ሥራ ፍሬ የሚያሳየው የብዙ ሳምንት ልምምድ ነው።

ጎንደር ሌላ ታሪክ አለው። በደምቢያ ብዙ ሰው የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ የጤና ጣቢያዎች እየኖሩ፣ ከገበሬው ቤት እየገቡ ይማሩ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጀመሪያ ዲግሪ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የተጀመረው በዚሁ ተቋም፣ በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የተሃድሶ ሥራም ከዚያው በቀለ። በኋላ በጥቁር አንበሳ በዶክትሬት ደረጃ የሚሰጥ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ተከፈተ፤ በዚህም በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው የጃክሰን ክሊኒክስ ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎችን እየላከ ሲያግዝ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1951 በኮፐንሃገን የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሙያው ማኅበር አባል ነው።

የጎንደር አጀማመር ከሌላው ሁሉ በላይ ሊታወስ ይገባዋል። ባለሙያ ከሚያገለግለው ሰው ደጃፍ ላይ መማር አለበት የሚለው እምነት እዚህ አገር ከውጭ መጽሐፍ ተገልብጦ የመጣ አይደለም፤ በደምቢያ ሞት ምክንያት የተወለደ ነው።

የቅኔ ቤቱ ሥርዓት

የክሊኒክ ትምህርትን ምንነት ለመረዳት ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ የቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ግሡን፣ እርባታውን፣ የቃላቱን አገባብ ያጠናል። ይህ ሁሉ ግን መሰናዶ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ሲቆጥርና ወደ መምህሩ ቀርቦ ሲነግር ነው። መምህሩ ይሰማል፤ «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ይላል፤ ያቃናል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይመልሰዋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም፣ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። ለእያንዳንዱ በዓልና ለእያንዳንዱ ቀን አዲስ ያስፈልጋል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሳል፤ እያደር ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ቀድመው የገፉት ደግሞ የጀማሪዎቹን እየሰሙ ያርማሉ፤ ሲያርሙም ይማራሉ።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪም መንገዱ ይኸው ነው። የአካል ክፍሎች ጥናት፣ የነርቭና የጡንቻ አሠራር፣ የበሽታዎች ጠባይ ግሡ ነው። ይህን በቃል የሚያንበለብል ተማሪ ገና ቅኔ አልቆጠረም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሦስት ሴቶች በአንድ ጠዋት ቢመጡ፣ አንዷ ወጣት ሯጭ፣ አንዷ አራስ፣ አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እማማ ቢሆኑ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጉልበት አንድ ሆኖ ሳለ የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ሦስት ነው። ተማሪው ለእያንዳንዳቸው የራሱን ዕቅድ ያሰናዳል፤ ታካሚዋ ላይ ከመሥራቱ በፊትም ለተቆጣጣሪ አስተማሪው ይነግራል። የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ክሊኒክ ውስጥ የሚለመደው ለዚህ ሰው፣ ዛሬ፣ አዲስ ሕክምና መቁጠርና ለእርማት መናገር ነው።

መጀመሪያ የሚሰጠው ታካሚም እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ነው። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወጣት ጥሩ ጀማሪ ነው፤ ችግሩ አንድ፣ ቦታው የታወቀ፣ የማገገሙ መንገድ የተጠረገ። ስትሮክ የመታቸው፣ ስኳርና የደም ግፊት ያለባቸው፣ ንግግርም የተያዘባቸው አባት መወድስ ናቸው። ጀማሪን ከመወድሱ ማስጀመር ተማሪውንም ታካሚውንም መበደል ነው።

መጀመሪያ የጓደኛ ጉልበት

ታካሚ ከመነካቱ በፊት የሚነካው የክፍል ጓደኛ ነው። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁርጭምጭሚት ይመረምራሉ። ከዚህ ልምምድ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ጅማት አይደለም። ቀዝቃዛ እጅ በድንገት ጀርባ ላይ ሲያርፍ ሰውነት እንደሚኮማተር፣ ሳይጠየቁ መገለጥ እንደሚያሳፍር፣ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ሲነገር ደግሞ ጡንቻው ራሱ እንደሚላላ ተማሪው በራሱ ገላ ያውቀዋል። ፈቃድ መጠየቅ፣ የማይመረመረውን አካል በአንሶላ መሸፈን፣ ሴት ታካሚ ሴት አጠገቧ እንድትኖር ስትፈልግ ያንን ማሟላት ከጨዋነት በላይ የሥራው አካል ነው። የፈራ ጡንቻ ትክክለኛ መልስ አይሰጥም።

ቀጥሎ መለካት ይመጣል። ጎኒዮሜትር የሚባለው መሣሪያ ሁለት ክንድ ያለው የማዕዘን መለኪያ ነው። አንዱ ክንድ በጭን፣ ሌላው በቅልጥም መስመር ይያዝና ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይነበባል። ቀላል ይመስላል። ሁለት ተማሪዎች ያንኑ ጉልበት ሲለኩ ግን አንዱ 110፣ ሌላው 116 ሊያነቡ ይችላሉ። መሣሪያው የሚያርፍበት የአጥንት ጉብታ በጣት ተዳብሶ ካልተገኘ ቁጥሩ ይሸሻል። ስለዚህ ተማሪው ከአምስት ዲግሪ ያነሰ ለውጥ አይቶ «ተሻለዎት» ለማለት እንዳይቸኩል ይመከራል።

የጡንቻ ጉልበት ደግሞ ከ0 እስከ 5 ይመዘናል። 0 ጡንቻው ጨርሶ አይኮማተርም ማለት ነው። 1 ላይ ጡንቻው ሲርገበገብ በጣት ይሰማል፤ እጅና እግሩ ግን አይነቃነቅም። 2 ክብደቱ ሲያዝለት ይንቀሳቀሳል። 3 የራሱን ክብደት ያነሳል፣ 4 የመርማሪውን እጅ በመጠኑ ይገፋል፣ 5 ሙሉ ነው። በ0 እና በ1 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ነው። የነርቭ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ግን ነርቩ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም የሚል ትልቅ ዜና ነው። ያንን መርገብገብ ሳይሰማ ያለፈ ጣት ዜናውን ሳያደርስ ቀረ።

አውራ ጣት የት ይረፍ?

በመጽሐፍ ብቻ ሊተላለፍ የማይችል ዕውቀት ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያሳየው የቆልማማ እግር ሕክምና ነው። አንዳንድ ሕፃናት የእግራቸው መዳፍ ወደ ውስጥና ወደ ታች ዞሮ ይወለዳሉ። በአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስፔን ተወላጁ ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የቀየሰው ዘዴ ዛሬ በኢትዮጵያም ይሠራበታል። በየሳምንቱ እግሩ በእርጋታ ይቃናል፣ ጄሶ ይደረግለታል፣ በሳምንቱ ጄሶው ተፈትቶ ትንሽ ተጨማሪ ይቃናል። ከአምስት እስከ ሰባት በሚሆኑ ጄሶዎች አብዛኛው ይስተካከላል። ብዙዎቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይላላላቸዋል፤ ከዚያም ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበት ማቀፊያ መጀመሪያ ቀንም ሌሊትም፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት፣ እስከ አራት ዓመት ግድም ይደረግላቸዋል።

ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ በውጭ በኩል አንዲት ጉብታ አለች፤ የቁርጭምጭሚት አጥንት ራስ። አውራ ጣት እዚያ ላይ ደግፎ ሲይዝ የተቀረው እግር ዞሮ ይመጣል። አውራ ጣት ጥቂት ወደ ፊት ከሸሸ ግን ተረከዙ ይቆለፋል፤ እግሩ ከፊት የተቃና መስሎ ከኋላ እንደታጠፈ ይቀራል። ይህ ስሕተት በሕክምናው ዓለም የራሱ ስም እስኪሰጠው ድረስ የተለመደ ነው፤ ከፖንሴቲ በፊት የነበረው ታዋቂ ሐኪም ካይት ራሱ ያስተማረው አያያዝ ነበርና «የካይት ስሕተት» ይባላል።

በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ሕፃን እግር ላይ ከአንድ ጣት ስፋት አይበልጥም። ሥዕል ያሳየዋል፣ ቪዲዮም ያሳየዋል፤ ተማሪው ግን የሚያውቀው አስተማሪው አውራ ጣቱን ይዞ «እዚህ፤ ተሰማህ?» ሲለው ነው። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ እናት እያየች፣ ጄሶው እየደረቀ የሚሰጥ ትምህርት ነው። አስተማሪው በቀጣዩ ሕፃን ላይ እጁን ከተማሪው እጅ በላይ ያደርጋል፣ በሌላው ላይ አጠገብ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ የተጠናቀቀውን ብቻ ያያል።

የማይታሽበት ጊዜ

ወለም ያለው፣ የተሰበረ፣ ወገቡ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ያውቃል፤ ለቀላል ወለምታ የሚያሳርፍ እጅ ያላቸውም አሉ። አደጋው ስብራት በጠበቀ ሸምበቆና ጨርቅ ሲታሰር ነው። ደም ወደ ጣቶች መድረስ ያቆማል፣ እጅ ወይም እግር ይጠቁራል፣ መጨረሻው መቆረጥ የሆነባቸው ሕፃናት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የዘወትር ሐዘን ናቸው። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ይህን የሚማረው በወጌሻ ላይ እንዲታበይ አይደለም። የጣቶችን ሙቀት፣ ቀለምና ስሜት ሳያይ ማንኛውንም ማሰሪያ እንዳያልፍ፣ የታካሚውም ምርጫ ለምን ወደዚያ እንዳደላ ሳይቆጣ እንዲጠይቅ ነው።

ሕዝቡ ከፊዚዮቴራፒስት የሚጠብቀውም በአብዛኛው መታሸት ነው። እንግዲህ ከሥልጠናው ከባዱ ክፍል እጅን መሰብሰብ ነው።

አንድ የአርባ ዓመት ሰው ሁለት ወር የቆየ የጀርባ ሕመም ይዞ መጣ እንበል። ጀማሪ ተማሪ ጡንቻውን ዳብሶ ጥብቅ ብሎ ያገኘዋል፤ ሙቀት ሊሰጥ፣ ሊያሽ ይከጅላል። አስተማሪው ግን ወደ ጥያቄ ይመልሰዋል። ሲተኙ ይሻልዎታል ወይስ ሌሊት ይብሳል? ሰውነትዎ ቀንሷል? ሌሊት ያልብዎታል? ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ነበር? የመልሶቹ አቅጣጫ ወደ አከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ካመራ፣ ማሸትና ማጣመም የተበላውን አጥንት ሊንድ፣ ህብለ ሰረሰርንም ሊጎዳ ይችላል። ያ ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይተላለፋል። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠርም ካቃተው ጉዳዩ የሰዓታት ነው፤ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ሌላም አለ። እግሯ ተሰብሮ ሳምንታት የተኛች ሴት ባቷ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ቢያማት ጡንቻ ዛለ ተብሎ አይታሽም። ጥልቅ ባለው የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከተላቀቀ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ በደቂቃዎችም ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ባለሙያዎቹ «ቀይ ባንዲራ» ይሏቸዋል። ዝርዝራቸውን በቃል መያዝ የአንድ ምሽት ጥናት ነው። ወረፋው በረዘመበት፣ ታካሚው «እባክህ ዝም ብለህ እሸኝ» እያለ በሚለምንበት ጠዋት አንዱን ምልክት ከብዙ ተራ ሕመም መካከል መለየት ግን የዓመታት ልምምድ ይፈልጋል።

አራተኛ ፎቅ

የውጭ መጻሕፍት ጉልበት ስንት ዲግሪ መታጠፍ እንዳለበት ሲናገሩ የሚያስቡት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከመኪና የሚወርድ ሰው ነው። ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ቁጢጥ ለማለት ከ130 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤታቸው የመሬት የሆነ፣ ቡና ሲያፈሉ ዱካ ላይ ዝቅ ብለው የሚቀመጡ፣ በሁዳዴ የሚሰግዱ ወይም በቀን አምስት ጊዜ ሶላት የሚያደርሱ እናት 100 ዲግሪ ላይ «ድነዋል» ቢባሉ፣ ሕይወታቸው አልዳነም። ጥሩ አስተማሪ ተማሪውን «ግብህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጥር ብቻ ከሰማ አይቀበልም። ታካሚዋ ምን ማድረግ እንደሚሹ ከራሳቸው አንደበት ተጠይቆ መምጣት አለበት።

በልደታ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አይቀርም፦ «ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?» የድሮዎቹ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ከተተካባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንዱ ልደታ ነው፤ አብዛኞቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ዳሌያቸው ተሰብሮ የተጠገኑ አረጋዊ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ደረጃው የሕክምናው ማዕከል ይሆናል። ከዘራው ከጤነኛው እግር ጎን ባለው እጅ ይያዛል። ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሰውነትን የሚያነሳው እሱ ነውና፤ ሲወረድ የታመመው ይቀድማል፣ ጤነኛው ከላይ ቀርቶ ክብደቱን ቀስ አድርጎ እንዲያወርድ። ተማሪው ይህን ሕግ ከነምክንያቱ ማወቅ አለበት፤ ምክንያቱን ያላወቀ፣ ደረጃው መደገፊያ የሌለው ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ሕክምናውን የሚቀጥሉት ደግሞ አስታማሚዎች ናቸው። በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የሰነፈበትን ሰው ቤተሰብ ሲያነሳ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የደከመውን ክንድ ወይም ብብቱን ነው። የትከሻ መገጣጠሚያን በቦታው የሚይዙት ጡንቻዎች ላልተዋል፤ በመሳቡ ትከሻው ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚዘልቅ ሕመም ይጀምራል። አንዲት ሚስት ባሏን በዳሌውና በጀርባው በኩል ደግፋ እንድታስነሳ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንድታገላብጠው፣ የደከመውን ክንዱን በትራስ እንድታሳርፍ ማስተማር ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ሥራ ይሠራል። ተማሪው እዚህ ላይ የሚገመገመው ራሱ ስንት ጊዜ እንዳነሳው አይደለም። እሷ ሠርታ ታሳያለች፤ ስትሠራ ስሕተቱ ከቀረ እሱ አስተምሯል ማለት ነው።

«ለምን?»

ተቆጣጣሪ አስተማሪዎች አብዝተው የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው። ለምን ይህን እንቅስቃሴ መረጥሽ? ለምን አሥር ጊዜ? ለምን ዛሬ? መልሱ «ባለፈው ለሌላ ታካሚ ሠርቷል» ከሆነ፣ የትናንት ቅኔ ነው። መልሱ «የጡንቻው ጉልበት 3 ነው፣ የራሱን ክብደት ያነሳል፣ እኔ በእጄ ከገፋሁት ግን ይደክማል፤ ስለዚህ ያለ ሸክም እጀምራለሁ፣ በሳምንቱ መልሼ እለካለሁ» ከሆነ መምህሩ ራሱን ይነቀንቃል። መመርመር፣ መገመት፣ መሞከር፣ መልሶ መለካት። መልሶ መለካቱ የተረሳ እንደሆነ የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በብሪታንያ ተማሪው ለሙያው ከመብቃቱ በፊት 1,000 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ይጠበቅበታል፤ በአሜሪካ ቢያንስ 30 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ልምምድ የግድ ነው። ሰዓቱ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። አንድ አስተማሪ ብዙ ተማሪ ከኋላው አሰልፎ አልጋ ከአልጋ ሲዞር፣ ከኋላ ያሉት የሚያዩት የፊተኛውን ጀርባ ነው። ተነግሮ ያልታረመ ቅኔ እንደ ተማረ አይቆጠርም፤ ቆሞ የታየ ሕክምናም እንዲሁ።

ፈተናው ምን ይለካል?

አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ምሁር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 የባለሙያን ብቃት በአራት ደረጃ ከፍሎ አስቀመጠ፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ፣ አድርጎ ማሳየት፣ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ማድረግ። የጽሑፍ ፈተና ሁለቱን የታችኞቹን ይደርሳል። ሦስተኛውን ለመለካት በስኮትላንድ ዳንዲ ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው መንገድ አለ። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ ይዘዋወራል፤ በአንዱ ትከሻ ይመረምራል፣ በሌላው ታካሚ ያናግራል፣ በሌላው ከአልጋ ወደ ወንበር ያዛውራል፤ በየጣቢያው ያለ ፈታኝ በአንድ ዓይነት መመዘኛ ነጥብ ይሰጣል። አራተኛውን ደረጃ ግን አጠገቡ የሠራ ሰው ካልሆነ ማንም አይመሰክርለትም።

በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ለትምህርት ጥራት የተወሰደ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ፈተናው ግን በኮምፒውተር ላይ የሚመረጥ መልስ ነው፤ እጅ አይታይበትም። እንደ ፊዚዮቴራፒ ባለ ሙያ የመውጫ ፈተና ማለፍ በክሊኒክ የተሰጠውን የአስተማሪ ምስክርነት የሚተካ ከሆነ፣ ተማሪዎች ከዋርድ ወደ ቤተ መጻሕፍት መሸሻቸው አይቀርም። ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ይበልጥ ይክበድ ከተባለም የክሊኒኩ ይክበድ።

ብቻውን የሚላከው

እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን የሚሆን ሰው የተሃድሶ ሕክምና የሚጠቅመው ሕመም እንዳለበት አስልቷል፤ ከሦስት ሰው አንድ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ ለተሃድሶ ሕክምና የተለየ ዘመቻ የጀመረው ይህን ክፍተት አይቶ ነው። በኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒስቱ ገና ጥቂት ነው፤ ያለውም ወደ ትልልቅ ከተሞች ያደላል። በመሆኑም ከጥቁር አንበሳ ወይም ከጎንደር የወጣ ወጣት ወደ ዞን ሆስፒታል ሲመደብ ከሙያው ብቸኛው ሊሆን ይችላል። ጄሶ የተፈታላቸው፣ ስትሮክ የመታቸው፣ የተቃጠሉ ሕፃናት፣ ወገባቸው የተያዘ ገበሬዎች ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይመጣሉ። «ለምን?» የሚል ግን አጠገቡ የለም።

ለዚህ የሚሆኑ መፍትሔዎች የማይደረስባቸው አይደሉም። አዲስ ተመራቂ ከመመደቡ በፊት ጥቂት ወራት ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ቢሠራ፤ ከተመደበ በኋላም አስተማሪዎቹ በታካሚው ፈቃድ የተቀረጸ የአካሄድ ቪዲዮ አይተው የሚመልሱበት ቋሚ ሰዓት ቢኖራቸው፤ ተቆጣጣሪነት ከታካሚ ማከም በተጨማሪ የሚሸከሙት ትርፍ ሥራ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሥራ ቢቆጠርላቸውና ቢከፈላቸው። የመጨረሻው ከሁሉ የሚቀድም ነው። ብዙ ተማሪ ለመቀበል የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ከመማሪያ ክፍሉ በፊት በዋርዱ ውስጥ ስንት አራሚ እንዳለው ቢቆጥር ይበጀዋል።

ፊዚዮቴራፒስቱ ምንም ያህል ቢሠለጥን ብቻውን የማይፈታው ችግርም አለ። የተቆረጠ እግር በልምምድ አይበቅልም፤ ሽባ የሆነ ቁርጭምጭሚትም አንዳንዴ ደጋፊ ይሻል። ሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ የሚሠሩት ባለሙያዎች ከጄሶ፣ ከፕላስቲክና ከቆዳ ጋር ምን እንደሚያደርጉ፣ በልካቸውና በፊዚዮቴራፒስቱ ልኬት መካከል ስላለው ንግግር የሚቀጥለው ምዕራፍ ያወሳል።